የኮምፒውተሩ ልብስ

«አጥፋው አባ» አለች ኖአ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሀኮል» አለች በዕብራይስጥ ደግማ።

ጋሹ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል እንደ ደበቀ ስክሪኑን አየ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። በውስጡ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር አለ፤ የራሱ ትንንሽ ሥዕሎች፣ የራሱ ቆሻሻ መጣያ፣ የራሱ ሰዓት ያለው። ልጁ ከኢንተርኔት ነው የከፈተችለት።

«የኛ አይደለም አልኩህ እኮ። ብታፈርሰውም የኛው ኮምፒውተር ምንም አይሆንም።»

«ባለቤቱስ አይቆጣም?»

«ሰው እንዲሞክረው ብለው ነው የሠሩት።»

እሁድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ጋሹ ሳፒር የኢንዱስትሪ ሰፈር ባለው መጋዘን ከኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። አለቃው ያኒቭ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነግሮታል። ከእንግዲህ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ያልሆነለት ወደ ጭነት ይዛወራል። ጭነት ማለት ቀኑን ሙሉ ካርቶን መሸከም ነው፤ የጋሹ ወገብ ደግሞ ያንን ሥራ ከተሰናበተ ቆይቷል። ዛሬ ዓርብ ነው። ሰንበት ከገባ እዚህ ቤት ኮምፒውተር አይነካም፤ ሰንበት ሲወጣ ደግሞ ኖአ ወደ ሥራዋ ቤር ሼቫ ትመለሳለች።

ችግሩ አለማወቅ አይደለም፤ ልጁ ያስተማረችውን በቃሉ ይወጣዋል። ችግሩ እጁ ነው። እስራኤል በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ፣ የማያውቀውን ቁልፍ ነክቶ ማሽኑ ሁሉ ቀጥ አለ። አለቃው ሰው ፊት ጮኸበት። ጋሹ ያኔ ዕብራይስጥ አይሰማምና የተባለውን አላወቀም፤ የሚጮኸውን ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል።

እዚህ ቤት የገባው የመጀመሪያው ኮምፒውተርም ሚስቱ ዓለምወርቅ የጠለፈችውን ጨርቅ ለብሶ ነው የኖረው። ጋሹ ለሱ የነበረው አክብሮት ለቤተ እስራኤል ቄሳቸው ካለው አያንስም። ኖአ በልጅነቷ ጨርቁን ገለጥ ስታደርግ «ተይ ልጄ፣ ይበላሻል» ይላት ነበር፤ እሷም የሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል ሄዳ ተማረች። ያ ኮምፒውተር ካረጀ በኋላ ጨርቁ ለላፕቶፑ ተላለፈ። አሁንም ታጥፎ የጋሹ ትከሻ ላይ ተቀምጧል፣ ሥራው እስኪያልቅ እየጠበቀ።

«አንቺ አጥፊውና ልይ።»

«አልነካም» አለችና ኖአ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

ጋሹ ማውሱን ያዘ። አንዱን ሥዕል ጎትቶ መጣያው ውስጥ ጣለው። ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ጣለ። ከዚያ ኖአ የኮምፒውተሩ አንጀት ያለበትን ቦታ አሳየችው፤ ሁሉንም መረጠና አጠፋው። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ጠቆረ፣ ነጫጭ ፊደላትም ተረባረቡበት።

ጋሹ ከወንበሩ ብድግ አለ። እጆቹ ወደ ኋላው ሸሹ። «አበላሸሁት» አለ።

ኖአ አልጮኸችም። ለመነሳት እንኳን አልቸኮለችም። «አሳምረህ ነው ያበላሸኸው። ና፣ እዚች ክብ ቀስት ላይ ጫን።»

በጣቱ ጫፍ ጫናት። ስክሪኑ ነጣ፤ ከዚያ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። መጣያው ባዶ ነው። ሰዓቱም ይቆጥራል።

ጋሹ ወንበሩን ሳበ። ከዚያ ተቀመጠ። «እንደገና» አለ።

ሁለተኛውን ቶሎ አፈረሰው። በሦስተኛው ሳቀ። ኖአ ሌላ ከፈተችለት፣ እሷ ሳትወለድ የነበረ ዓይነት፣ ግራጫ ሣጥኖች ያሉት፤ እሱንም አፈረሰው። ቀጥላ የከፈተችው ሥዕል የሚባል አልነበረውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ፊደል ብቻ።

«ይሄስ ሳልነካው ነው የተበላሸው» አለ ጋሹ፤ ልጁ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ምን አገኛችሁ?» አለች ዓለምወርቅ ከኩሽና።

«ባልሽ እየሰበረ ነው እማ።»

«ምኑን?»

«ያገኘውን ሁሉ።»

ጋሹ ግን ወደ መጀመሪያው መለሳትና ባዶ ሠንጠረዥ አስከፈታት፣ የመጋዘኑን ዓይነት። የዕብራይስጡን ፊደል በአንድ ጣቱ እየለቀመ የዕቃ ስም መጻፍ ጀመረ። መሀል ላይ ሳተ፤ አጠፋና ቀጠለ። ሦስት ዕቃ አስገብቶ ዞር ሲል የልጁ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም። ሳትጠይቀኝ አጠፋህ።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «የመጋዘኑ ግን እውነተኛ ነው አባ። እዚያ ያጠፉት ሁሉ በክብ ቀስት አይመለስም።»

«አውቃለሁ። እዚያ ቀስ እላለሁ» አለ ጋሹ።

የሰፈራቸው የኪርያት ሀሻሮን ፎቆች መስኮት በምትጠልቀው ፀሐይ ቀላ። «ሰንበት ደረሰ እኮ፣ ዝጉት» አለች ዓለምወርቅ፣ ትኩሱን የሰንበት ዳቦ ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «የዳቦውን መሸፈኛም አጥቤው አልደረቀልኝ።»

ጋሹ ላፕቶፑን ዘጋና ቡፌው ላይ አስቀመጠው። እንደ ልማዱ ጨርቁን ከትከሻው አወረደ። ትንሽ አሰበና ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ዳቦው ላይ አለበሰው፣ አራቱንም ጠርዝ በመዳፉ እያቃና።

ዓለምወርቅ የሰንበቱን ሻማ ልታበራ ክብሪቱን እንደ ያዘች ጥልፏን አየች፣ ቀጥላ ቡፌውን አየች። «ኮምፒውተሩስ?»

«አይበርደውም» አለ ጋሹ።