ከእንጨት የተሠራው ቅልጥም

«እግሬን መሬት አላስነካም፣ ዶክተር። መጀመሪያ ይቺን ይዩልኝ» ይላል ጎረቤቴ አናጢው። ከፌስታሉ ውስጥ ብረት የተንጠለጠለበት ስንጥቅ እንጨት ያወጣል።

አጅቤው የመጣሁት እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሌላው ሰው ሲታመም ይተኛል፤ የኔ ጎረቤት ታሞም እጁ አያርፍም። ደጋን የመሰለው እግሩ አጥንቱ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ከተቃና፣ በብረትና በብሎን ከታሰረ ስድስት ሳምንቱ ነው። ትናንት ቁጭ ብሎ የገዛ ቅልጥሙን በእንጨት ሠራው። ቆረጠው፣ በአንድ ጎኑ ከፈት አድርጎ ብረት አሰረበት፣ ጤነኛ እግሩን ጫነበት። ቋ! እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። ክራንቹን አቅፎ ነው ያደረው።

«በአንድ ጎን ብሎን የቆመ ነገር ሰው አይሸከምም። ሠላሳ ዓመት በር ሰቅያለሁ» ይላል። «ከተንሸራተተ ደግሞ እንደገና ሊቆርጡኝ ነው። ሁለተኛ አልችለውም።»

ድምፁ ይሰበራል። አፌ ላይ የደረሰውን ቀልድ እውጠዋለሁ።

ሐኪሟ አትስቅም። እንጨቱን ታገላብጠዋለች።

«ጋሼ፣ ዳር እስከ ዳር ቆረጡት እንዴ?»

«ታዲያስ! መቁረጥ መቁረጥ ነው።»

«እኛ አልጨረስነውም።» ራጁን መብራቱ ላይ ትለጥፋለች። «በውጭ በኩል አንድ ጣት ያህል አጥንት ሳንነካ ተውን። እንደ በር ማጠፊያ እሱ ላይ ነው የተከፈተው። የኛ ብሎን ደግሞ ጭንቅላቱም ጥርስ አለው፤ አጥንቱንም ብረቱንም ይነክሳል። ይኸው፣ ካሰርነው ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ክፍተቱንም አጥንት እየሞላው ነው።»

አናጢው አንገቱን ያሰግጋል። ያልተቆረጠውን ቦታ በጥፍሩ ይለካል።

«ማጠፊያ ትተውለታል» ይላል ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ገንጥዬ ጣልኩት።»

«ይቺን ለደንበኞችህ እንዳትነግር» እለዋለሁ።

ሐኪሟ ወለሉ ላይ ሚዛን ታስቀምጣለች። አናጢው በአንድ እጁ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይዞ፣ የታከመውን እግሩን ይጭንበታል። ሃያ። አርባ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ስልሳ። ሌላኛው እግሩ ከወለሉ ይነሳል፤ መርፌው ሰባ አራት ኪሎ፣ ሙሉ ክብደቱ ላይ ይረጋል።

«እስትንፋስዎን ይልቀቁት እንጂ፣ ጋሼ» ትለዋለች።

ክንዴን አያለሁ። የአምስት ጣቶቹ ምልክት አለበት፤ እጁ ግን የለበትም።