በቀይ የተከበበው ሰዓት

ከቤቷ እየተመላለሰች የምትማረው ልጅ በሦስት ወር ውስጥ ያፈራቻት ብቸኛ ጓደኛ የዶርሟን ቁምሳጥን ከፈተችላት። «ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ከምትንከራተቺ እዚህ አስቀምጪው» አለቻት። ልጅቷ ሰው አገኘሁ ብላ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ቦርሳዋን ከነአውቶቡስ ካርዷ አስገባች።

ቀና ስትል በቁምሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። የእሷው ሰፈር አውቶቡስ የሚነሳባቸው ሰዓቶች በእጅ ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው በቀይ ተከቧል።

«የማን ነው?»

«እንዳንቺ ተመላላሽ ነበረች። በጣም እንዋደድ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ቸኩላ ትሄድብኝ ነበር።»

«አሁንስ የት ናት?»

ከታች ከመንገዱ የመጨረሻው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። ጓደኛዋ ቁምሳጥኑን ቀስ ብላ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«መቸኮሉን ተወችው» አለች፣ የክፍሉንም በር ከውስጥ እየቆለፈች።