ለምግብና ለመጠጥ

እሷ ቤት የሚጣል ነገር የለም። የሳሙና ቁራጭ ከቁራጭ ይጣበቃል፤ ልብስ የታጠበበት ውሃ ወለል ይወለወልበታል። ስለዚህ ቆራሌው ሰማያዊ ጀሪካን ይዞ በራፏ ሲቆም፣ የባሏን አሮጌ ጫማ አውጥታ በልዋጭ ትከራከረው ጀመር።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ ውሻም አያኝከው!»

«ያንተስ ጀሪካን ምን ሙሽራ ሆነና ነው?»

ስቆ ሰጣት። በጀሪካኑ ጎን ጽሑፍ አለ፤ ግማሹን ሬንጅ ሸፍኖታል። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ያለ አስተማሪ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር። «ለምግብና ለመጠጥ» ይላል። ደስ አላት፤ የቤቱን የመጠጥ ውሃ ሞላችበት።

ሰንበትበት ብሎ ትንሿ ልጇን ትርንጎን ሆዷን ያማት ጀመር። ጎረቤቷ «ምች ነው፤ ውሃ ደህና አድርገሽ አጠጫት» አለቻት። አጠጣቻት። ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን መነመነች።

እናት ጨነቃት። ለልጄ ጀሪካኑ ይጽዳላት ብላ፣ ውሃ ማባከን አይሆንላትምና የቀረውን በትልቅ ኩባያ ለትርንጎ ሰጥታት ወደ ደጅ ወጣች። በአሸዋና በአመድ ፈተገችው። ሬንጁ ሲላጥ ከሥሩ ሌሎች ፊደላት ብቅ አሉ። በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች።

«ለምግብና ለመጠጥ... መያዣነት... አ... ይ... ው... ል... ም።»

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ ከውስጥ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ ጨረስኩት! ጠብታም አላባከንኩ!»