ብቸኛዋ ትርንጎ

አንድን ስም በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ጤንነቴ የሚያሳስበው ሰው በዝቷል። ዛሬ ደግሞ እርጉዟ ጎረቤቴ ኤፍራታ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

«እማማ ትርንጎ፣ ግፊትዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ምንም አልል።»

ቅር ያላት መሰለኝ።

«ስምዎን ማን አወጣልዎት?»

«እናቴ። እኔን አርግዛ ያማራት ትርንጎ ብቻ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ስም ዛሬ ከየት ይገኛል! በሉ፣ ሳይበርድ ይጠጡልኝ።»

«እሺ፣ እጠጣዋለሁ» አልኳት።

እንደወጣች ሾርባውን ደፋሁት። ወንበሩ ላይ የረሳችውን ፌስታል ብከፍተው፣ ትንሽዬ የሕፃን ሹራብ ነው። ደረቱ ላይ በቀይ ክር «ትርንጎ» ተብሎ ተጠልፎበታል።

የምትወልደው የፊታችን ሳምንት ነው።