የተሳሳተ የይለፍ ቃል

ሁለቴ ሲደውል ዝም አልኩትና በሦስተኛው አነሳሁ። የሬዲዮ ክለባችን ሊቀመንበር ነው።

«ልጄ፣ ደህና ዋልሽ? ዋናው ሰርቨር ተቃጠለ አሉ።»

ልጄ ይለኛል ደግሞ! ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት አይደል እንዴ? ሬዲዮዎቻችንን የሚያገናኘው ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ የአባላቱ ሬዲዮ ሁሉ በራሱ ወደ መጠባበቂያው ይዞራል፤ መጠባበቂያው ደግሞ እዚሁ የአባዬ አልጋ ስር ነው። በገዛ እጁ የገጣጠመው ነው። ሬዲዮዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እየሰጡ አንድ በአንድ ገቡ።

«እኔን ግን አላስገባኝ አለ» አለ። «ወገቤን ታምሜ ከተኛሁ ወር አለፈኝ። ከሰው የምገናኘው በዚችው ሬዲዮ ነው።»

«የይለፍ ቃልዎ ተሳስቶ ይሆናል። ደጋግመው ይሞክሩ።»

«ደጋግሜ?» አለ። የገዛ ራሱ ቃል ነው፤ አስታወሰው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አምና ስብሰባ ላይ አባዬ «ክለቡን የግል ጓዳህ አደረግከው» ስላለው ቂም ያዘበት። አባዬ አልጋ ላይ እስኪወድቅ ጠብቆ ዋናው ሰርቨር ላይ የይለፍ ቃሉን ለወጠበት፤ ያለ እሱ ደግሞ ሬዲዮው ዲዳ ነው። ስደውልለት እሱም «የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ይሆናል፣ ደጋግሞ ይሞክር» ነበር ያለኝ፣ ቃል በቃል። መጠባበቂያው ላይ መለወጡን ረስቶታል። ግን ያኔ ምን ይረባናል? ሰው ሁሉ ዋናው ላይ ነበር፤ አባዬ ከባዶ ቤት ጋር ሊያወራ ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በክለቡ ሬዲዮ የአባላቱ ስም በሚጠራበት ሰዓት፣ ያን ዲዳ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ «እምዬ፣ እየጠሩኝ ነው?» ይለኛል።

«መስመሩ ነው እንጂ እየጠሩህ ነው አባዬ። መቼ ይተዉሃል?» እለዋለሁ።

ይህንኑ እንደጠየቀኝ ሞተ። የተቀበረ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ መጠባበቂያው ላይ የሊቀመንበሩን የይለፍ ቃል ለወጥኩት። ይኸው ዋናው የሚወድቅበትን ቀን ስጠብቅ ከረምኩ።

«ያለፈው አለፈ፣ ልጄ። በአባትሽ!»

«በማን?» አልኩት።

ይሄኔ የአባዬ ሬዲዮ ላይ ጡሩምባ ስም መጥራት ጀመረ። ጡሩምባ ያልነው በድምፁ ነው፤ የአባዬ የልብ ጓደኛ፣ የሊቀመንበሩም። ሁሉም ተራ በተራ «አለሁ» ይላሉ፣ ይቀላለዳሉ። የሊቀመንበሩ ተራ ደረሰ። ጠራው። መልስ የለም።

«የለም» አለ ጡሩምባ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ።

አንድ ሰው እንኳ «ምን ሆኖ ነው?» አላለም። ቀጣዩ የመኪናው ጎማ መንገድ ላይ ተንፍሶ እንዴት እንዳዋረደው ያወራ ጀመር። ሳቁ።

እኔ ለአባዬ እየጠሩህ ነው ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። እውነት መስሎኝ ነበር። ለካ እሱንም እንዲህ አንዴ ጠርተው፣ «የለም» ብለው፣ ወደ ሳቃቸው ሄደዋል።

«ስም መጥራት ጀመሩ አይደል?» አለ ሊቀመንበሩ በስልኩ። ድምፁ አንሷል፤ የበሽተኛ ድምፅ ነው። «ልጄ፣ እየጠሩኝ ነው?»

ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩለት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ለአባዬ የሰጠሁትን መልስ ግን ለእሱ አልሰጠውም።

«አንዴ ጠርተውዎታል» አልኩት።