ቀን የሚለየው ምልክት

ተመራማሪዋ ሪፖርቷን እንደያዘች ከቴሌስኮፑ ክፍል እየበረረች ወጣች። ከሰማይ የሚመጣው የሬዲዮ ምልክት ከኋላዋ አሁንም መሣሪያው ላይ ይጮኻል። አንድ ወር ሙሉ ተከታትላዋለች። በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ አራት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዘገያል። ኮከብ እንዲህ ቀን አይለይም። ይህን የሚያደርግ የሚያስብ ፍጡር ብቻ ነው!

ሪፖርቱን ለዓለም ከመላኳ በፊት ለአንድ ሰው ካልነገረች የምትፈነዳ መሰላት። ቅርብ ያሉት ደግሞ ዘበኛው ጋሽ ይርዳው ነበሩ።

«ጋሼ፣ አገኘኋቸው! ከኛ ሌላ የሚያስቡ ፍጡራን አሉ!» አለች፣ የጥበቃ ቤቱን በር በርግዳ።

«እሰይ! በይ ግቢና አብረን እንብላ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ዓይናቸውን ከማይክሮዌቩ ሳይነቅሉ። «አራት ደቂቃው ሊሞላ ነው።»

«እስካሁን ምሳ አልበሉም?»

«ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መች ቀምሼ አውቃለሁ!»

ማይክሮዌቩ ጮኸና ቆመ። ተመራማሪዋ በመስኮቱ ቴሌስኮፑን አየች፤ ዞራ ጋሽ ይርዳውን አየች። ከዚያ ሪፖርቷን ከትኩሱ የሽሮ ሳህን ሥር አነጠፈችላቸውና እጇን ልትታጠብ ሄደች።