የአባባ ሰዓት

አባቷ አመልካች ጣቱን መጋዝ የበላበት አናጺ ነበር። የእጅ ሰዓቱን በየማለዳው ራሱ ይሞላት ነበር። «ከእኔ ጋር ቅበሯት» ብሎ ተናዞ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟም «በገዛ እጄ አሰርኩለት» ሲል ምሎላታል።

ዛሬ ሁለቱ የጥንት ሰዓቶች ሙዚየም ሲጎበኙ ያችው ሰዓት፣ እሷ በቀይ ክር ከሰፋችው ማሰሪያ ጋር፣ መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች።

«ሸጥካት?»

«የሞተ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል ብዬ እኮ ነው፤ አፈር ስሆን እትዬ!»

«አምኖህ ነበር’ኮ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሰዓቷ ግን ትሄዳለች።

«ማነው የሚሞላት?» ብላ አስጎብኚውን ጠየቀችው።

«እኛስ ነክተናት አናውቅም። ጠዋት ጠዋት ግን መስታወቱን ከውስጥ በኩል አፈር ይዞት እናገኘዋለን። የዛሬውን ገና አልጠረግነውም።»

ጎንበስ አለች። አፈሩ የእጅ አሻራ ነው፤ የአመልካች ጣቱ ቦታ ባዶ ነው።